ትዳር ሲፈርስ ልጆች ከማን ጋር ይኖራሉ? ቤት ውስጥ ድብደባ ከነበረስ?

ኒካሕ ሲፈርስ ባልና ሚስት ይለያያሉ፤ ልጆች ግን ከአባታቸውም ከእናታቸውም አይፈቱም። ስለዚህ ከፍቺ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ክርክር የንብረት አይደለም። ልጆቹ ከማን ጋር ይደጉ? ሌላው ወላጅ መቼና የት ይጠይቃቸው? ቀለባቸውን ማን ይስጥ? በሰላም ለተለያዩ ሰዎች እንኳ ይህ ቀላል አይደለም። ትዳሩ የፈረሰው በድብደባ፣ በዛቻና በማስፈራራት ሲሆን ደግሞ ይብስ ይከብዳል።

በዚህ ጉዳይ ከእህቶች የምንሰማው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ይመታኝ የነበረው እኔን ነው፤ ልጆቹን ነክቷቸው አያውቅም። ታዲያ ይህን ለልጆቹ ክርክር ማንሳቱ ምን ይጠቅመኛል?» ከወንድሞች በኩል ደግሞ «ከእናታቸው ጋር ተጣልተን ይሆናል፤ የእኔና የልጆቼ ነገር ግን ሌላ ነው» የሚል ይመጣል። ሁለቱ ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተዋል። በሚስት ላይ የተፈጸመ ጥቃት የልጆች ጉዳይ አይደለም ብለው ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ሕግም ሆነ በሸሪዓ ሚዛን ትክክል አይደለም። ነገር ግን ጥቃቱ በልጆች ውሳኔ ላይ ለውጥ የሚያመጣው አንድ ሰው አንስቶ ወደ መዝገቡ ሲያስገባው ነው። ካልገባ፣ ዳኛውም ሆነ ቃዲው ያላየውን አይፈርድም።

በየትኛው ፍርድ ቤት?

ሙስሊም ባልና ሚስት የቤተሰብ ክርክራቸውን ሊወስዱባቸው የሚችሉ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይህ ፍርድ ቤት የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ነው። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ፤ በርካቶቹም አውጥተዋል። ሁለተኛው በር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በዚያው በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 አቋማቸው ተጠናክሮ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው ተዋቅረዋል። ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ሞግዚትነትና የቤተሰብ ዝምድናን የሚመለከቱ ክርክሮችን በእስልምና ሕግ መሠረት ያያሉ። የክርክሩ አመራር ግን በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን የሚመነጨው ከተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ ሊታይ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ደንግጓል። ይህ ተራ ቃል አይደለም። በአንድ የውርስ ክርክር ላይ አንዲት ሙስሊም ሴት «በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልተስማማሁም» ብላ ተቃውማ ተቃውሞዋ ውድቅ ተደርጎ ነበር። ጉዳዩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑ ተወስኗል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጥቃት ሸሽቶ ለወጣ ሰው ግን እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነጥብ በአዋጅ ቁጥር 188 ውስጥ አለ። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ይቆጠርና ክርክሩ እሱ ወይም እሷ በሌሉበት ይሰማል። በፈቃድ የተጀመረ ጉዳይ ደግሞ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወደ መደበኛው፣ ከመደበኛውም ወደ ሸሪዓ አይዛወርም። እንግዲህ ልብ በሉ። አንዲት እናት ተደብድባ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ባል ልጆቼን ትመልስ ብሎ ከስሷል። መጥሪያው ሲደርሳት ፊቱን ማየት ስለፈራች፣ ወይም ዘመዶቿ «ዝም በይው» ስላሏት ትቀራለች። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ታጣለች። የፍርድ ቤቱን ምርጫ ታጣለች፤ ድብደባውን የሚናገርም ሰው አይኖርም። መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ያለ በቂ ምክንያት ልጆቼን ይዛ ጠፋች» የሚለው የአባት ቃል ብቻ ነው።

እኛ የትኛው በር እንደሚሻል ለማንም አንመርጥም። ጉዳዩ በአላህ ሕግ እንዲታይለት መፈለግ የሙእሚን መብትና ምርጫ ነው፤ መደበኛውን መምረጥም በሕግ የተጠበቀ መብት ነው። ከሁለቱ የቱን መምረጥ ከሚያመጣው ልዩነት ይልቅ ቀርቦ በመናገርና ባለመቅረብ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጣል ብለን እናምናለን። መጥሪያ የደረሰው ሰው ይቅረብ፤ ካልተስማማም አለመስማማቱን በግልጽ ይናገር። መቅረብ የሚያስፈራ ከሆነ በጠበቃ ወይም ሕግ በሚፈቅደው ወኪል በኩል ይቅረብ።

ሕጉ ያልጠቀሰው ቃል

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን አብሮ ስለ ልጆቹ እንዲወስን ያዛል። ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ቀለባቸው፣ ከሌላው ወላጅ ጋር ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል።

ዝርዝሩን በደንብ ለተመለከተው ድብደባ ወይም ጥቃት የሚል ቃል የለበትም። ገቢ አለ፤ ጥቃት የለም። ይህ ማለት ግን ጥቃት አይታይም ማለት አይደለም። «የአኗኗር ሁኔታ» እና «የልጆች ጥቅም» በሚሉት ሁለት ሐረጎች ውስጥ ይገባል። እናት በየሌሊቱ የምትደበደብበት ቤት ምን ዓይነት የአኗኗር ሁኔታ ነው? በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር የሚደበቅ ልጅ ጥቅሙ ምንድነው? ችግሩ ሕጉ ገቢን በስም ስለጠቀሰ ተከራካሪዎች ደሞዝና የቤት ኪራይ ላይ ተጠምደው መዋላቸው ነው። ቋሚ ገቢ ያለው አባት፣ ገቢ የሌላት እናት፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ከቆመ መልሱ የታወቀ ይመስላል። የገቢ ማነስ ግን በቀለብ ውሳኔ የሚሸፈን ነገር ነው። የደኅንነት ማጣት በምን ይሸፈናል?

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ የለበትም። ይህ በራሱ ጥሩ ነው፤ ሰው ገመናውን አደባባይ ሳያወጣ እንዲለያይ ያስችላል። ነገር ግን ለፍቺው አያስፈልግም ተብሎ የተተወው ምክንያት ለልጆቹ ጉዳይ ያስፈልግ ነበር። የፍቺ ማመልከቻው ላይ «አብረን መኖር አልቻልንም» ብቻ ተብሎ፣ ከወራት በኋላ በልጆቹ ክርክር ላይ «ይደበድበኝ ነበር» ሲባል፣ ሌላው ወገን «ያኔ ለምን አልተናገረችም?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ልጆች ካሉ ከመጀመሪያው መግለጹ ይሻላል።

የልጆች ጥቅም የሚለው መለኪያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳየው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። ክርክሩ ስለ ድብደባ አልነበረም፤ በአንድ አባትና ልጁን ስታሳድግ በቆየች አክስት መካከል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነትን አይተው ለአባት ወስነው ነበር። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው። ወላጅ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ፣ መታየት ያለበት ለልጁ የሚበጀው እንደሆነ አስረዳ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። የሥጋ ወላጅነት እንኳ ለልጁ ጥቅም የሚታጠፍ ከሆነ፣ የቤተሰቡ ራስ መሆን ወይም ደህና ደሞዝ ማግኘት ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው ውሳኔ እስኪሰጥ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ ሲሞክር ወይም ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሲሰጥ ልጆቹ የሆነ ቦታ ማደር አለባቸው። አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበለት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ፣ ስለ ቀለባቸውና ስለ ንብረቱ ተገቢውን ትእዛዝ ወዲያው እንዲሰጥ ያዛል። ከሁለቱ ማን ከመኖሪያ ቤቱ መውጣት እንዳለበት ሲወስንም የልጆቹን ጥቅም ይመለከታል። ተደብዳቢ ብቻ ከቤቷ መውጣት አለባት የሚል ሕግ የለም።

ሐዷና በሸሪዓ

በፊቅህ ልጅን ተንከባክቦ የማሳደግ ኃላፊነት ሐዷና ይባላል። ሕፃን ልጅን በተመለከተ እናት ቀዳሚ መሆኗ ዑለሞች የተስማሙበት ነው። እስከ ስንት ዓመት ለሚለው ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ ልጅ ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር፣ ይኸውም ሰባት ዓመት ገደማ፣ ከወላጆቹ አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል። በሐነፊይ ዘንድ ወንድ ልጅ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ሴት ልጅ ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ከእናቷ ጋር ትቆያለች። በማሊኪይ ደግሞ ወንድ ልጅ አካለ መጠን እስኪያደርስ፣ ሴት ልጅ እስክታገባ ይዘልቃል።

እናት ሌላ ካገባች ቅድሚያዋን እንደምታጣ ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ ነው። በአራቱም መዝሀቦች በታወቀው አቋም ከእናት ቀጥላ የምትመጣው የእናት እናት ናት። «አግብታለችና ልጆቼን ስጡኝ» የሚል አባት በቀጥታ ወደ እሱ የሚያልፍ መስሎት ከሆነ ቃዲ ዘንድ ሌላ መልስ ይጠብቀዋል።

ከቅደም ተከተሉ ይልቅ ለእኛ ርእስ የሚበልጠው የአሳዳጊው መስፈርት ነው። ሐዷናን የሚይዝ ሰው፣ አባትም ይሁን እናት፣ አእምሮው ጤነኛ፣ ልጁን ለመንከባከብ የሚችል፣ በልጁ አካል፣ ጠባይና ዲን ላይ የሚታመን መሆን አለበት። ፉቀሃዎች ይህን አማና ይሉታል። ሐዷና የወላጅ መብት ብቻ አይደለም፤ የልጁም ሐቅ ነው፤ እንዲያውም ሁለቱ ሲጋጩ የልጁ ይቀድማል። የቤተሰቡን እናት የሚደበድብ ሰው በዚያው ቤት ለሚያድግ ልጅ አማና አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ከውጭ የመጣ ጥያቄ አይደለም። ከፊቅህ ኪታቦቹ ውስጥ የሚነሳ ነው። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ስለ ጡት ማጥባት በሚያወሳው አንቀጽ እናትም በልጇ ሰበብ፣ አባትም በልጁ ሰበብ እንዳይጎዱ ይከለክላል። ልጅን ሌላውን ወላጅ ማሰቃያ ማድረግ በቀጥታ እዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል። ሚስትን መምታት የወንድነት ወግ ለሚመስለው ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ሴትም ሆነ አገልጋይ መትተው እንደማያውቁ አዒሻ (ረ.ዐ) የተናገሩትን ማስታወስ በቂ ነው።

በኢማም ማሊክ ሙወጦእ የተመዘገበ አንድ ክርክር አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከአንዲት የአንሷር ሴት የወለዱት ዓሲም የሚባል ልጅ ነበራቸው። ከፍቺ በኋላ አንድ ቀን ዑመር ልጁን ቁባእ ውስጥ በመስጂዱ ግቢ ሲጫወት አገኙትና ክንዱን ይዘው ከፊታቸው እንስሳው ላይ አስቀመጡት። የልጁ አያት ደርሳ ልጁን ይዛ ተከራከረቻቸው። ሁለቱም አቡበክር (ረ.ዐ) ዘንድ ቀረቡ። እያንዳንዳቸው ልጄ ነው አሉ። አቡበክር ልጁን ለእሷ እንዲተዉት ለዑመር ነገሯቸው፤ ዑመርም አንዲት ቃል አልመለሱም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥቃት የለም። የሚያስተምረው ግን ትልቅ ነው። ዑመርን የሚያህል ሰው እንኳ ልጁን ከመጫወቻው አንስቶ መውሰድ አልቻለም። ጉዳዩ ፈራጅ ፊት ቀረበ፤ ውሳኔው ሲመጣም ዝም አሉ። ዛሬ ከትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ይዞ የሚሰወር አባት፣ ወይም አድራሻ ቀይራ የምትጠፋ እናት፣ ዳኛ ዘንድ ሲቀርቡ ይህ ድርጊታቸው መጀመሪያ የሚመዘገብባቸው ነገር ይሆናል።

ሽማግሌዎች ዘንድ የሚቀረው ነገር

አብዛኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎች፣ የመስጂድ ኢማም ወይም ዘመድ ዘንድ ይደርሳል። ሱልሕ በዲናችን የተወደደ ነው፤ ቁርኣንም በባልና ሚስት መካከል መለያየት ሲፈራ ከሁለቱም ቤተሰብ አስታራቂ እንዲላክ ያዛል። ሽምግልና ብዙ ቤት አድኗል፤ ይህን ማንም አይክድም።

ነገር ግን ጥቃት ከመዝገብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ገመና ለመሸፈን ብለው «በባሕርይ ባለመጣጣም በስምምነት ተለያይተዋል» የሚል ወረቀት ይጽፋሉ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር፣ ወይም አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት ይባላል። እናት በድካም ትፈርማለች። ያ ወረቀት ኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በገዛ እጇ የፈረመችበት ማስረጃ ይሆናል። ገመናን መሸፈን (ሲትር) ትልቅ ሥነ ምግባር ነው፤ በዳይን ለመሸፈን ሲባል የተበደለን ሐቅ መደበቅ ግን ሲትር አይባልም። ምስክርነትን መደበቅም በቁርኣን የተከለከለ ነው። ጎረቤቶች ጩኸቱን ሰምተው፣ ሽማግሌዎች የተሰበረ እጅ አይተው «እኛ በሰው ትዳር አንገባም» ሲሉ እንሰማለን። ማስታረቅ ላይ ከገቡ በኋላ ምስክርነት ላይ አንገባም ማለት ለእኛ የሚገባን ነገር አይደለም።

ሕጉ ለዚህ መውጫ አለው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚሠሩት የማስታረቅ ሥራ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው የፍቺ ውል ቢያቀርቡ እንኳ ፍርድ ቤቱ እንዲሁ አያጸድቅም። ስለ ፍቺው ውጤት የተስማሙት ነገር የልጆቹን ደኅንነትና ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ማስተካከል ይችላል። ስለዚህ ተጭናችሁ የፈረማችሁ ወረቀት ካለ፣ ዳኛው ፊት ስትቀርቡ በምን ሁኔታ እንደተፈረመ ለመናገር ጊዜው አላለፈም።

ማስረጃ

«ማን አየኝ? ቤቴ ውስጥ ነው የሆነው» የሚለው ቃል ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። የአካል ጉዳት ሲደርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሕክምና ማስረጃ ማግኘት ከሁሉ በፊት ነው። ሐኪሙ ሲጠይቅ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ማለት ካርዱ ላይ እንደዚያው ይጻፋል፤ ከዓመት በኋላም ይኸው ካርድ የሚመሰክረው በተናጋሪዋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባን እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎታል። ስለዚህ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፤ የተመዘገበ ቃል ለልጆቹም ክርክር ማስረጃ ይሆናል። የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ አከራይ፣ ሽማግሌ ሆኖ የገባ ዘመድ ሁሉ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። የዛቻ መልእክቶችን ከስልክ አለማጥፋት ነው። የሕግ ክፍያ የማትችል ሴት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ማወቅ አለባት፤ መጠለያ ለሚያስፈልጋት ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ።

ከዚያ የሚቀረው ጥቃቱን ከልጁ ጋር ማገናኘት ነው፤ ብዙ ክርክር የሚዳከመውም እዚህ ላይ ነው። «ደበደበኝ» ማለት አንድ ነገር ነው። ልጁ ምን አየ? የት ነበር? ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ? ትምህርቱ ወረደ? ከወንድሙ ጋር ሲጣላ የአባቱን ቃል ይደግማል? የክፍል አስተማሪው ያየው ለውጥ አለ? ዳኛው ስለ ልጁ የሚወስን ስለሆነ ስለ ልጁ መስማት ይፈልጋል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች የልጁን ሁኔታ አጥንተው እንዲያቀርቡ ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ እንዲደረግ መጠየቅም ይቻላል።

ልጁ ራሱ የሚናገረውም ይሰማል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል፤ የሻፊዒዮች ምርጫም ከዚህ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ልጅን «ዳኛው ሲጠይቅህ እንዲህ በል» ብሎ ማስጠናት ከባድ ጥፋት ነው። ዳኞች የተሸመደደ ቃል ያውቃሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ልጁን በወላጁ ላይ የሐሰት ምስክር ማድረግ ነው።

ይህን ስንጽፍ የምንከስሰው አባቶችን ብቻ አይደለም። ልጇን የምትደበድብ፣ የምታስርብ፣ የምታቃጥል እናትም አለች፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን ሲከለክል አባትና እናት ብሎ አይለይም። ያልተፈጸመ ድብደባ ፈጥሮ መክሰስም አለ። ፍርድ ቤት ማስረጃ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ እውነተኛው ተጎጂም ማስረጃውን በጊዜ መያዝ ያለበት ለዚሁ ነው።

መጠየቅና ነፈቃ

ጥቃት መኖሩ ሲረጋገጥ ውሳኔው «አባት ልጆቹን ፈጽሞ አያይም» ይሆናል ማለት አይደለም። የሕፃናት ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ከአንዱ ወላጅ የተለየ ልጅ ከዚያ ወላጅ ጋር ግንኙነት የማድረግ መብት እንዳለው ይገልጻል፤ ለልጁ ጥቅም ተቃራኒ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ እኛ ባየነው ግን ተከራካሪዎች ይህን ቦታ እምብዛም አይጠቀሙበትም። ውሳኔው «በየሳምንቱ እሑድ ይጠይቅ» ብቻ ብሎ ሲያበቃ ልጁን የት ይረከባል የሚለው ክፍት ይቀራል። የድሮው ጠብ የሚያገረሸው ደግሞ በዚያው በር ላይ ነው። ስለዚህ አቤቱታ ሲጻፍ ርክክቡ በእናት ቤት ሳይሆን በአያት ቤት ወይም ሁለቱም በሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ፊት እንዲሆን፣ ሰዓቱ ቀን ላይ እንዲሆን፣ መጀመሪያ ላይ አዳር እንዳይኖረው፣ አስፈላጊ ከሆነም ጥየቃው ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ያልተጠየቀ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በውሳኔው ውስጥ አይገኝም።

ነፈቃ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አባት ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቢኖሩም፣ የሚጠይቅበት ሁኔታ ቢገደብም የልጆቹ ነፈቃ ግዴታው ነው። «ካላሳያችሁኝ አልሰጥም» አይባልም። እናትም «ካልከፈልክ አታያቸውም» ብላ በራሷ መከልከል አትችልም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ አቤቱታ አለው። ዐረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክ እናት ደግሞ መላኳን የሚያሳዩ ደረሰኞችን ትያዝ። ልጆቿ በሌለችበት በአባት ቤት ጉዳት ቢደርስባቸው «ትታቸው የሄደች ናት» ለሚለው ክርክር መልስ የሚሆኗት እነዚህ ናቸው፤ ጉዳዩን የሚከታተልላትም በሕጋዊ ውክልና የቆመ ሰው ያስፈልጋታል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ

የልጆች አስተዳደግ ውሳኔ እንደ ንብረት ክፍፍል አንዴ ተቆርጦ የሚያበቃ አይደለም። ሁኔታዎች ሲለወጡ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና ሊያየው እንደሚችል አንቀጽ 113 ራሱ ይፈቅዳል። ይህ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ጫት ወይም መጠጥ ያዘወትር የነበረ፣ በቁጣው የሚታወቅ አባት ተውበት አድርጎ፣ ጥየቃውን ለወራት በሰላም ጠብቆ፣ ነፈቃውን ሳያጓድል ከቆየ ጥየቃው እንዲሰፋለት ማመልከት ይችላል። በሌላ በኩል በርክክብ ላይ አዲስ ድብደባ ወይም ዛቻ ከተፈጸመ፣ ወይም ልጁ ከጥየቃ ሲመለስ ጉዳት ከታየበት፣ ዓመቱ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም። ለማመልከቻው የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክለኛ ግልባጭ፣ ከውሳኔው ወዲህ የሆነው ነገር በቀኑና በቦታው፣ ያየ ሰው ስምና የሐኪም ወይም የፖሊስ ማስረጃ ካለ እሱ ያስፈልጋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ስለሆነ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተወሰነው ወደዚያው፣ በመደበኛው የተወሰነውም ወደ መደበኛው ይመለሳል። በቀድሞው መዝገብ ላይ የነበረ ነገር ግን ያልተነገረ ጥቃት ካለም በዚሁ ጊዜ አብሮ ይጻፍ።